የመስጊድ ድምፅ ማጉያ፦ «አንድ ሦስተኛ» ከምኑ ነው?

የሳዑዲ ዓረቢያ የእስልምና ጉዳዮች፣ የደዕዋና የኢርሻድ ሚኒስቴር በሸዋል 1442 ሒጅራ (ሜይ 2021) ባወጣው ሰርኩላር፣ የመስጊዶች የውጭ ድምፅ ማጉያ ለአዛንና ለኢቃማ ብቻ እንዲውል፣ የድምፁም ከፍታ ከመሣሪያው እርከን አንድ ሦስተኛ እንዳያልፍ አዝዟል። በ2023 መጀመሪያ ደግሞ በአንድ መስጊድ የሚሰቀሉት የውጭ ማጉያዎች ከ4 እንዳይበልጡ፣ ትርፍ የሆኑትም ተነሥተው እንዲቀመጡ ወይም ለሌላቸው መስጊዶች እንዲሰጡ መመሪያ ወጥቷል። ትእዛዙ በጂዛን ወደብ ዙሪያ ያሉትን ትላልቅ መስጊዶች ብቻ ሳይሆን በአቡ ዓሪሽ፣ በሳምጣና በየመን ድንበር አፋፍ ባለችው ጡዋል የሚገኙትን ትንንሾቹንም ይመለከታል።

ይህ መመሪያ ሲወጣ ቅር የተሰኙ ሰዎች ነበሩ። ቅሬታቸውም መሠረት የለሽ አይደለም። የአላህ መልእክተኛ (ሰ.ዐ.ወ.) ባልደረባ አቡ ሰዒድ አል-ኹድሪይ፣ በጎችንና ምድረ በዳን ለሚወድ ሰው በአዛን ድምፁን ከፍ እንዲያደርግ መክረውታል፤ የሙአዚኑ ድምፅ የደረሰው ፍጡር ሁሉ በትንሣኤ ቀን ይመሰክርለታልና። በጂዛን ሸለቆዎች መንጋ የሚጠብቅ ኢትዮጵያዊ እረኛ ይህን ሐዲሥ ሲሰማ ስለ እርሱ የተነገረ ቢመስለው አያስደንቅም። ነገር ግን ሌላውንም ሐዲሥ ያስተላለፉት እኒሁ አቡ ሰዒድ ናቸው፤ ነቢዩ በመስጊድ ኢዕቲካፍ ላይ ሳሉ ሰዎች ቁርኣንን ጮክ ብለው ሲያነቡ ሰምተው መጋረጃውን ገለጥ በማድረግ፣ እያንዳንዱ ጌታውን በምስጢር እያናገረ መሆኑን አስታውሰው፣ አንዱ ሌላውን እንዳያስቸግር ከልክለዋል። ሚኒስቴሩም የተመረኮዘው በዚህኛው ነው። ሁለቱ ሐዲሦች አይጋጩም። አዛኑ ወደ ውጭ ይወጣል፤ ሰላቱና ንባቡ ከውስጥ ይቀራል። መመሪያው የሚለው ይህንኑ ነው።

እንግዲህ የሚቀረው የመሣሪያው ጉዳይ ነው፤ ብዙ የመስጊድ ኮሚቴዎች ሥራው መዘውሩን ወደ ግራ በመመለስ የሚያልቅ ይመስላቸዋል። አያልቅም። የ500 ዋት አምፕሊፋየር አንድ ሦስተኛ ላይ ቆሞ፣ የ30 ዋቱ እስከ መጨረሻው ተከፍቶ ከሚሰጠው በላይ ሊጮህ ይችላል። ሚኒስቴሩ ለሁሉም የሚገባ ቀላል ልክ ማስቀመጡ ተገቢ ነው፤ ልኩ ትርጉም የሚያገኘው ግን አምፕሊፋየሩና ስፒከሩ በሚገባ የተጣመሩ ሲሆኑ ነው።

ይህን የማጣመር ጥበብ የቀድሞዎቹ ባለሙያዎች ያውቁበት ነበር፤ ችግር አስተምሯቸዋልና። በሲንጋፖር በሱልጣን መስጊድ በ1936 ድምፅ ማጉያ ሲተከል ትራንዚስተር ገና አልተፈጠረም፤ የተፈጠረው በ1947 ነው። የዚያ ዘመን አምፕሊፋየር የሚሠራው በጋሉ የመስታወት ቱቦዎች፣ በተለምዶ ቫልቭ በሚባሉት ነበር። ጉልበቱ ጥቂት ስለሆነ የሚባክን አልነበረም። የስፒከሩ ኦም ከአምፕሊፋየሩ መውጫ ጋር መስማማት ነበረበት፤ 8 ከ8፣ 16 ከ16። ስፒከር ሳይገጠምለት የተከፈተ እንደሆነ የመውጫው ትራንስፎርመር ሊቃጠል ይችላል። ዛሬም የድሮውን ዓይነት የቫልቭ አምፕሊፋየር የሚወዱ ጊታር ተጫዋቾች 15 ዋት እንኳ ከሚስማማው ትንሽ የስፒከር ሣጥን ጋር ሲጣመር መካከለኛ ክፍልን ከበቂ በላይ እንደሚሞላ ያውቃሉ። ዋት በርካሽ መገኘት ከጀመረ ወዲህ ግን ጥንቃቄው ቀረና «ትልቁን ግዛ» የሚለው ምክር ተተካ።

ለአንድ ስፒከር አንድ ዋት ሰጥቶ በአንድ ሜትር ርቀት የሚሰጠውን ድምፅ መለካት የተለመደ ነው። ትንሽ የሣጥን ስፒከር 88 ዴሲቤል ያህል ሲሰጥ፣ በሚናራ ላይ የሚሰቀለው የጡሩምባ ቅርጽ ያለው 108 ሊደርስ ይችላል። የ20 ዴሲቤል ልዩነት ማለት ሣጥኑ ጡሩምባውን ለመስተካከል መቶ እጥፍ ጉልበት ይፈልጋል ማለት ነው። አሁን ሁለቱም በአንድ አምፕሊፋየርና በአንድ መዘውር ላይ ታስረው ይታሰብ። ኮሚቴው መመሪያውን ለማክበር መዘውሩን ዝቅ ሲያደርግ የውጭው ጡሩምባ አሁንም ሠፈሩን ይሰማል፤ ከውስጥ ግን የኋላው ሰፍና የሴቶች ክፍል ኢማሙን መስማት ያቅታቸዋል። ከዚያ «መመሪያው ኹጥባውን አጠፋብን» ይባላል። ጥፋቱ የመመሪያው አይደለም፤ የአንዱ መዘውር ነው።

በጂዛን ምድር ደግሞ ነገሩ ይብሳል። የቲሃማ ሜዳ ዝርግ ነው፤ ቤቶቹም ብዙዎቹ ዝቅ ያሉ ናቸው፤ ድምፅን የሚጋርድ ነገር ጥቂት ነው። ጎሕ ሲቀድ ከመሬት አጠገብ ያለው አየር ቀዝቀዝ ብሎ ከላይ ያለው ሲሞቅ ድምፅ ወደ ላይ ከመሸሽ ይልቅ ወደ መሬት ይታጠፋል፤ ስለዚህ መዘውሩ ሳይነካ የፈጅር አዛን ከዙህሩ ርቆ ይሰማል። በፋይፋ ተራሮች ላይ ደግሞ ድምፁ ከአንዱ ገደል ወደ ሌላው እየተመለሰ ይደራረባል። የባሕሩ ጨው የሽቦ መገናኛዎችን ይበላል፤ እርጥበቱ የወረቀት ስፒከርን ያላሽቃል፤ የበጋው «ገብራ» አቧራ ይጨመርበታል። ድምፁ ሲሻክር መዘውሩን መጨመር የተለመደ ነው፤ መድኃኒቱ ግን መገናኛውን መጥረግ ነበር።

ለአማርኛ ተናጋሪው ሰጋጅ ጉዳዩ ከጎረቤት እንቅልፍም ያልፋል። አማርኛ «ሀ»ን እና «ሐ»ን በጽሑፍ ቢለይም በአነጋገር አንድ ያደርጋቸዋል፤ በቁርኣን ግን ሁለቱ የተለያዩ ሐርፎች ናቸው፤ «ሲን»ና «ሷድ»ም እንዲሁ። ፋቲሓውን ከኢማሙ እየሰማ የሚያርም ሠራተኛ የሚያስፈልገው ጩኸት ሳይሆን ጥራት ነው። ተነባቢ ድምፆችን እርስ በርስ የሚለየው አብዛኛው ምልክት በ2,000ና በ4,000 ኸርዝ አካባቢ ይገኛል። ከአቅሙ በላይ የተገፋ አምፕሊፋየር በመጀመሪያ የሚያበላሸው ይህንኑ ነው። እብነ በረድና መስታወት በበዛበት አዳራሽ ድምፁን ከፍ ማድረግ ገደል ማሚቶውንም አብሮ ከፍ ያደርጋል፤ ቃሉ አይጠራም። ዐረብኛን ከልጅነቱ የሚያውቅ ሰው የጎደለውን በልማድ ይሞላዋል። እንግዳው አይችልም፤ ኹጥባው ያመልጠዋል።

ስለዚህ ገንዘቡ መዋል ያለበት ከሚናራው ላይ ሳይሆን ከውስጥ ነው። በየምሰሶው፣ ለሰጋጁ ጆሮ ቀረብ ብለው በትንሽ ድምፅ የሚሠሩ ቀጫጭን ስፒከሮች ከአንድ ትልቅ ሣጥን ይሻላሉ። የውጭውና የውስጡ መስመር ለየብቻ መዘውር ይኑረው፤ የሴቶቹ ክፍልም የራሱ። በ100 ቮልት መስመር የሚሠራ ከሆነ፣ በየስፒከሩ ትራንስፎርመር ላይ የተመረጠው ዋት ሲደመር ከአምፕሊፋየሩ አቅም እንዳያልፍ ከመስቀሉ በፊት በወረቀት ይደመር። አንድ ሦስተኛው ከተያዘ በኋላም አንድ ሰው በፈጅር ሰዓት እስከ ቅርቡ ቤት አጥር ወጥቶ ያዳምጥ፤ ሌላው ከኋላው ሰፍ ይቁም። የሁለቱን ቃል ሰምቶ ማስተካከል አንድ ጧት አይፈጅም።

ከ4 በላይ ሆነው የወረዱት ጡሩምባዎችም ወደ ሌላ መስጊድ ከመላካቸው በፊት ትራንስፎርመራቸው ይታይ፤ የዋት ምርጫቸውም በላያቸው ይጻፍ። ተቀባዩ መስጊድ ያለው አምፕሊፋየር ትንሽ ከሆነ ሁለት ይበቁታል።