ስዊድን ለምትገቡ፦ የልደት ቀናችሁን አስቀድማችሁ አጣሩ

የስዊድን የመኖሪያ ፈቃድ አግኝታችሁ ሻንጣ የምታዘጋጁ ወገኖች፣ ስለ ወፍራም ጃኬት ብዙ ሰው ይመክራችኋል። እኔ የምለምናችሁ የልደት ቀናችሁን እንድታጣሩ ነው።

አንድ ዓመትና ከዚያ በላይ ለመኖር የመጣ ሰው በደረሰ በአንድ ሳምንት ውስጥ ስካተቬርኬት ለሚባለው የግብር መሥሪያ ቤት አስታውቆ በነዋሪነት ይመዘገባል። ከዚያ ፐርሹንኑመር የሚሉትን የግል ቁጥር ያገኛል። ቁጥሩ የልደት ዓመት፣ ወርና ቀን ሲሆን አራት አሃዝ ይከተለዋል። ሐኪም ቤት፣ ባንክ፣ ትምህርት ቤት በሄዳችሁ ቁጥር የምትጠሩት እሱን ነው።

የእኛ ሰው ጣጣ ከዘመን አቆጣጠሩ ይመጣል። መስከረም 5 ቀን 1985 የተወለደ በፈረንጆቹ ሴፕቴምበር 15 ቀን 1992 ነው። ጥር 5 ቀን 1985 የተወለደው ግን ጃንዋሪ 13 ቀን 1993 ይሆናል። ዓመቱ ላይ ብቻ ሰባት ወይም ስምንት ደምሮ ወሩንና ቀኑን እንዳለ የተወ ሰነድ እዚህ ከፓስፖርቱ ጋር ይጋጫል። የተሳሳተው ቀን አንዴ ከተመዘገበ ማሳረሙ ጠንካራ ማስረጃ ይጠይቃል። ልጅ ክፍል የሚመደበው በተወለደበት ዓመት ስለሆነ የአንድ ዓመት ስህተት ከእኩዮቹ ይለየዋል፤ የእናት ዓመት ከተዛባም የጡረታ ዕድሜዋ አብሮ ይዛባል። አገር ቤት በአንድ ቀን የሚስተካከል ነገር እዚህ ሰውን ሲያንገላታ ማየት ያሳዝናል።

የልደትና የጋብቻ ምስክር ወረቀታችሁን ዋናውን ያዙ፤ የልጆቻችሁንም። ባልና ሚስት በየአባታቸው ስም ስለሚጠሩ ዝምድናውን የሚያስረዳላችሁ ወረቀቱ ነው።

ቁጥሩ ከተገኘ በኋላ መታወቂያ፣ የባንክ ሒሳብ፣ ከዚያም በስልክ ማንነትን የሚያረጋግጠው ባንክአይዲ በተራ ይመጣሉ። በስቶክሆልም አውቶቡስ ጥሬ ገንዘብ አይቀበሉም። ኤስኤፍኢ የተባለው የስዊድንኛ ትምህርት በነፃ ስለሆነ በምትኖሩበት ኮሚዩን፣ ማለትም በአካባቢው አስተዳደር፣ ወዲያው ተመዝገቡ። የጤና ምክር በ1177፣ ድንገተኛ አደጋ በ112 ነው። የኢትዮጵያ መንጃ ፈቃድ የሚያገለግለው ከተመዘገባችሁ በኋላ ለአንድ ዓመት ብቻ ነው፤ ከዚያ የጽሑፍና የመንዳት ፈተና አለ፣ በሚያንሸራትት መንገድ ላይ የሚሰጠውን ሥልጠና ጨምሮ።

ልጆች ላሏችሁ ደግሞ አደራ የምለው አለ። በስዊድን ሕግ ትምህርት ቤት የሚማር ልጅ ቤት ውስጥ ከወላጁ ጋር የሚነጋገርበትን ቋንቋ በትምህርት ቤት በኩል መማር ይችላል፤ አማርኛም እንዲሁ። ኮሚዩኑ የማስተማር ግዴታ የሚኖርበት ግን ቢያንስ አምስት ተማሪ ሲጠይቅና አስተማሪ ሲገኝ ነው። አንድ ቤተሰብ ብቻውን አመልክቶ ሲመለስ ሌሎቹ ሳይጠይቁ ከቀሩ ሁሉም ልጅ ያጣል። ስለዚህ በአንድ ኮሚዩን የምትኖሩ ቤተሰቦች ተነጋግራችሁ በአንድ ወቅት አመልክቱ፤ ቅጹን የሚሞላው ወላጅ ነውና ትምህርት ቤቱ እስኪጠይቃችሁ አትጠብቁ።