የነርሷ ሒጃብና የእኛ ማተብ



በሞጣ ጊዮርጊስ ካህናቱ የልደትን ሌሊት በማኅሌት ቆመው ሲያድሩ፣ በከተማዋ ሆስፒታል ደግሞ ተረኛ ነርሶች ከሕሙማን አልጋ ሥር ቆመው ያድራሉ። ሕመም በዓል አያውቅምና። የክርስቲያኗን የበዓል ተራ ሙስሊሟ ባልደረባ፣ የሙስሊሟን የኢድ ተራ ክርስቲያኗ ብትሸፍን በአገራችን እንግዳ ነገር አይደለም። ታዲያ ይህች ሙስሊም ነርስ ሒጃቧን እንደለበሰች ብታስታምመን ቅር ሊለን ይገባልን? የዛሬው ርእሳችን ይኸው ነው።

ጥያቄው በምሥራቅ ጎጃም ቀላል አይደለም። ታኅሣሥ 10 ቀን 2012 ዓ.ም.፣ የልደት በዓል ሊውል ሦስት ሳምንት ሳይሞላ፣ በሞጣ መስጊዶችና የሙስሊሞች የንግድ ቤቶች መቃጠላቸው ይታወሳል። በ2017 ዓ.ም. ደግሞ በአክሱም ከተማ ሒጃብ የለበሱ ተማሪዎች ከትምህርት ገበታ መከልከላቸው ክርክር አስነሥቶ ጉዳዩ እስከ ፍርድ ቤት ደርሷል። በትምህርት ቤት በር የተመለሰች ልጅ ነገ ነርስ ልትሆን አትችልም። ምጥ ጠንቶባት ከገጠር በቃሬዛ የምትመጣ ወላድ የምትጠብቀው ግን የሠለጠነ እጅ ነው። ስለዚህ የልብሱ ክርክር ውሎ አድሮ የሕይወት ጉዳይ ይሆናል።

ከሁሉ አስቀድሞ አንድ ነገር ልብ እንበል። ነርስን «ሲስተር» እያልን እንጠራለን። ትርጉሙ እኅት ማለት ሲሆን፣ መጠሪያው የመጣው በአውሮፓ ድውያንን ያስታምሙ ከነበሩ ክርስቲያን መነኮሳይያት ነው። ነርሶች በራሳቸው ላይ ይደፉት የነበረው ነጭ ቆብም ከእነዚሁ መነኮሳይያት የራስ መከናነቢያ የወረደ ነው። እንግዲህ ነርስነት ራሱ ሃይማኖታዊ ልብስ ለብሶ ወደ ሕሙማን አልጋ የቀረበ ሙያ ነው ማለት ነው። እናቶቻችንም ነጠላቸውን ሳይከናነቡ ቤተ ክርስቲያን አይገቡም። ራስን መሸፈን የትሕትናና የጨዋነት ምልክት መሆኑን ለእኛ የሚያስተምረን ሌላ ሰው አያሻም።

ሕጉስ ምን ይላል? በ1987 ዓ.ም. የጸደቀው ሕገ መንግሥት በአንቀጽ 27 ማንኛውም ሰው ሃይማኖቱን የመግለጽ መብት እንዳለው ደንግጓል። ይህ መብት ሊገደብ የሚችለው በሕግ ብቻ ነው፤ ለገደቡ ምክንያት ሊሆኑ ከሚችሉት አንዱም የሕዝብ ጤና ነው። ስለዚህ የሆስፒታል ኃላፊ ሊጠይቅ የሚገባው ጥያቄ «ልብሱ የማን ሃይማኖት ነው?» የሚል ሳይሆን «ልብሱ ሕመምተኛውን ይጎዳልን?» የሚል ሊሆን ይገባል።

ለዚህም መልሱ በሙያው ውስጥ አለ። የራስ መሸፈኛው በየቀኑ ታጥቦ የሚለወጥ፣ ጫፉ ወደ ጋዋኑ ገብቶ የማይንጠለጠል ሊሆን ይገባል። በቀዶ ሕክምና ክፍልም የክፍሉ ንጹሕ ቆብ ሊሸፍነው ያስፈልጋል። እጅን በሚገባ ለመታጠብ እጅጌ ወደ ላይ መሰብሰብ አለበት፤ በዚህ ላይ ድርድር የለም። የእንግሊዝ ጤና ሚኒስቴር እ.ኤ.አ. በ2010 ባወጣው መመሪያ ክንዳቸውን መሸፈን ለሚፈልጉ ሠራተኞች እንደ ጓንት ለብሰው የሚጥሉት እጅጌ ፈቅዷል፤ እጅን እስከ አንጓ መታጠብን ግን ለማንም አልተወም። ፊትን ጨርሶ የሚሸፍነው ኒቃብ ሌላ ጉዳይ ነው። ሕመምተኛ መድኃኒት የምትሰጠውን ሰው ማንነት የማወቅ መብት አለውና ተቋሙ በዚህ ላይ የተለየ ደንብ ቢያወጣ አግባብ ነው።

ይህ መለኪያ በእኛም ላይ ይሠራል። የእኛዋ ነርስ ማተቧን እንዳሰረች ትሠራለች፤ በጥሱ ብትባል ሁላችንም እንቆጣለን። ነገር ግን በአንገቷ ያለው መስቀል ጎንበስ ባለች ቁጥር በቁስል ላይ የሚወርድ ከሆነ ከልብሷ ሥር ልታደርገው ይገባል። ለማተብ የምንጠይቀውን ክብር ለሒጃብ መንፈግ፣ በሒጃብ ላይ የምንጥለውን ደንብ ከማተብ ላይ ማንሣት፣ ሁለቱም ፍርደ ገምድልነት ነው። በአንዱ አንገት ላይ ያለውን ምልክት ያስበጠሰ ደንብ ነገ በሌላው ራስ ላይ ያለውን ማስወለቁ፣ የአንዱን ያስወለቀውም የሌላውን ማስበጠሱ አይቀርም።

ጌታችን በወንጌል ያስተማረውን የደጉን ሳምራዊ ምሳሌ እናስታውስ። ወንበዴዎች ደብድበው የጣሉትን ሰው ካህኑና ሌዋዊው አይተው ሲያልፉት፣ ቀርቦ ያስታመመው በእምነት የተለየው ሳምራዊ ነበር። ስለ ሳምራዊው አለባበስ አንዳች አልተነገረም። የተነገረው በቁስሉ ላይ ዘይትና ወይን ማፍሰሱ፣ ማሰሩና ለእንግዳ ማረፊያው ባለቤት ሁለት ዲናር መክፈሉ ነው። ቁስለኛውም «ሌላ አስታማሚ አምጡልኝ» አላለም።

የጤና ተቋማት ኃላፊዎች ለሁሉም እኩል የሚሠራ የአለባበስ ደንብ በጽሑፍ እንዲያወጡና ከደንብ ልብሱ ቀለም ጋር የሚስማማ የራስ መሸፈኛ እንዲያዘጋጁ እናሳስባለን። የእኛ የቤተሰብ ኃላፊዎች ድርሻ ደግሞ ከዚህ ይቀድማል። በዓሉን በሆስፒታል የሚውል ሕመምተኛ ያለን እንደሆነ፣ ዳቦውንና ጠላውን ይዘን ስንሄድ ለተረኛዋ ነርስም «እግዚአብሔር ይስጥልን፣ እኅታችን» እንበላት። ልጆቻችንም ይህን ሲያዩ ይማራሉ።

መልካም የልደት በዓል!