የደጋ አየር የማያመካኝለት ሞተር

ከዓባይ በረሃ ወደ መካነ ሰላም የምትወጣ አሮጌ የጭነት መኪና ሞተሯ ሲቆራርጥ፣ ሾፌሩ በደጋው አየር ያሳብባል፤ ባለጋራዡ ደግሞ «ሞተር ይውረድ» ይላል። እርግጥ ከ2,500 ሜትር በላይ አየሩ ስስ ስለሆነ ጉልበት ይቀንሳል፤ ግን የሚቀንሰው ከሲሊንደሮቹ ሁሉ ነው። መቆራረጥ አብዛኛውን ጊዜ የአንዱ ሲሊንደር ስንፍና ነው። (ካንዴላ ይለወጥ የሚል አንባቢ ይታገሠን፤ ናፍጣ የሚቃጠለው በታመቀ አየር ሙቀት እንጂ በብልጭታ አይደለም።)

ባለመኪናው ሞተር አስወርዶ ገንዘቡን ከማፍሰሱ በፊት ሰነፉ ይለይ። በቀድሞው ዓይነት ፖምፓ በሚሠራ ሞተር፣ መካኒኩ ሞተሩን በዝግታ አስነሥቶ የየኢንጀክተሩን የናፍጣ ቱቦ ማሰሪያ በየተራ ጥቂት ያላላል። ድምፁ ከተለወጠ ያ ሲሊንደር ሠራተኛ ነበር፤ ካልተለወጠ ሰነፉ ተገኘ። ቀጥሎ ኢንጀክተሩን ከጎረቤቱ ጋር ያለዋውጣል። ሕመሙ አብሮት ከሄደ ጥፋቱ የኢንጀክተሩ ነው፤ ባለበት ከቀረ ቫልቩና ፋሻው ይመርመር። በአዳዲሶቹ ባለኮምፒዩተር ሞተሮች ግን ማሰሪያው አይነካም፤ በዚያ ግፊት የሚወጣ ናፍጣ ቆዳ በስቶ ይገባል።