ከሱስ የተመለሰው ወገንና የፋሲካው ማዕድ



ሃምሳ አምስቱን የዐቢይ ጾም ቀናት ከአረቄ ርቆ የከረመ ወገን በየሰፈራችን አይታጣም። ከንስሐ አባቱ ጋር መክሮ፣ ከቀድሞ ጓደኞቹ ሸሽቶ፣ ሰሙነ ሕማማትን በስግደት ይፈጽማል። ዶሮ ሲጮህ ከቤተ ክርስቲያን ተመልሶ ነጠላውን እንኳ ሳያወልቅ ግን፣ «ጾሙ ተፈታ እኮ፤ ለበዓሉ ያህል አንዲት መለኪያ ብትቀምስ ምን አለበት?» የሚለው የገዛ ዘመዱ ነው። በ2011 ዓ.ም. የወጣው አዋጅ ቁጥር 1112 የአልኮል ማስታወቂያን ከራዲዮና ከቴሌቪዥን አግዷል፤ የአክስትን ግብዣ የሚያግድ አዋጅ ግን የለም።

ይህ ሰው ዳግመኛ ሲወድቅ «ፈቃደ ደካማ ነው» ብሎ መፍረድ ይቀናናል። ግራንፊልድና ክላውድ የተባሉ አሜሪካውያን ተመራማሪዎች እ.ኤ.አ. በ1999 ባሳተሙት መጽሐፍ፣ ያለ ሕክምና ተቋም ርዳታ ከሱስ የወጡ ሰዎችን መርምረው ነበር። ሥራው፣ ትምህርቱ፣ ቤተሰቡና ወዳጁ ለሰውየው መነሻ እንደሆኑት ተረድተው፣ ይህን ሁሉ አንድ ላይ የማገገሚያ ጥሪት አድርገው ቆጠሩት።

ከዚህ ጥሪት የእኛ ቤት ባዶ አይደለም። ንስሐ አባት አለ፤ ሰንበቴ አለ፤ ዕድር አለ፤ የጽዋ ማኅበርም አለ። (ጠላ ያልተጠመቀለት ጽዋ ምን ጽዋ ነው የሚለኝ አይጠፋም።) ዕድራችን ለሞተ ሰው ድንኳን ለመትከል የሚፈጥነውን ያህል፣ ከሱስ ለተመለሰ ወጣት ሥራ ለማፈላለግ ቢፈጥን ምን ነበረበት?

አንድ ነገር ሳይነገር አይታለፍም። ለብዙ ዘመን አብዝቶ ሲጠጣ የኖረ ሰው በጾሙ መግቢያ በድንገት ቢያቆም፣ መንቀጥቀጥና ቅዠት፣ አልፎም ለሕይወቱ የሚያሰጋ የሚጥል ሕመም ሊደርስበት ይችላል። እንዲህ ያለውን ሰው ወደ ጠበል የሚወስዱ ወገኖች አስቀድመው ሐኪም ያማክሩ፤ መንቀጥቀጡ ከጀመረም ዕለቱን ወደ ሆስፒታል ያድርሱት። ጠበሉ ሐኪሙን አይከለክልም።

ወደ ማዕዱ እንመለስ። ጌሾ ያልገባበት፣ ዕለቱን የተበጠበጠ የማር ብርዝ ከአያቶቻችን የወረስነው የክብር መጠጥ ነው። ታዲያ ለእርሱ ብቻ ተለይቶ ቢቀርብለት በእንግዶች ፊት ያሳፍረዋል። አባወራው አስቀድሞ ከዚያው ብርዝ ለራሱ ቢያስቀዳ ግን፣ ማን ምን እንደሚጠጣ የሚጠይቅ አይኖርም።