ዳኛው ሳያይ

በክፍላችን ብዙ ጊዜ የሚነሣ አንድ ክርክር አለ። ይኸውም «ዳኛው ካፀደቀው ጎል ነው፤ ተጫዋቹን ምን አገባው?» የሚል ነው። እኔም ከዚሁ ወገን ነበርሁ። አሳቤን ያስለወጠኝ የኢጎር ኔቶ ታሪክ ነው።

ኔቶ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር በ1930 ሞስኮ ላይ ተወለደ። ከ1949 እስከ 1966 ለስፓርታክ ሞስኮ ብቻ በመሐል ሜዳ ተጫዋችነት ሲሰለፍ፣ ቡድኑ 5 ጊዜ የአገሩ ሻምፒዮን ሆነ። የሶቪየት ኅብረት ቡድን አምበል ሆኖም በ1956 በሜልቦርን የኦሎምፒክ ወርቅ፣ በ1960 በፓሪስ የመጀመሪያውን የአውሮፓ ዋንጫ ተቀበለ። አንገተ ረዥም ስለ ነበር «ዝይ» እያሉ ይጠሩት ነበር ይባላል።

ዳሩ ግን እኔን የገረመኝ ዋንጫው አይደለም። በ1962 በቺሊ በተደረገው የዓለም ዋንጫ ሶቪየቶች በአሪካ ከተማ ከኡራጓይ ጋር ገጠሙ። ከሦስት ቀን በፊት ኮሎምቢያን 4 ለ 1 ሲመሩ ቆይተው 4 ለ 4 ወጥተው ነበርና በዚህኛው ቢሸነፉ ኖሮ ከውድድሩ ይቀሩ ነበር። ውጤቱ 1 ለ 1 ሳለ ቺስሌንኮ የመታው ኳስ መረቡ ውስጥ ተገኘ፤ ኢጣሊያዊው ዳኛም ጎል ነው ብሎ አፀደቀ። ኳሱ የገባው ግን በጎን በኩል በነበረው የመረብ ቀዳዳ ነው። ኔቶ ቺስሌንኮን ጠየቀው፤ እውነቱንም በተረዳ ጊዜ ወደ ዳኛው ሄዶ ጎል አለመሆኑን ነገረው። ጎሉም ተሰረዘ።

በ89ኛው ደቂቃ ኢቫኖቭ አግብቶ 2 ለ 1 አሸነፉ። ጓደኞቼም «ስላሸነፉ ነው የሚመሰገነው» ይሉኛል። ኔቶ ወደ ዳኛው ሲራመድ የኢቫኖቭን ጎል በምን ያውቀው ኖሯል? ይልቁንስ የሚከብደው ሌላ ጥያቄ ነው፤ የራሱን ብቻ ቢሆን መልካም፣ የአሥሩን ጓደኞቹንና የአገሩን ጎል እንዲሰጥ ማን ፈቀደለት? ይህን ብዙ ቀን አሰብሁበት። መልሴ፣ ያልገባ ኳስ የማንም ንብረት አይደለምና የሰጠው ነገር የለም የሚል ነው።

መጫወት ካቆመ በኋላ በቆጵሮስ ኦሞንያን፣ የኢራንን ብሔራዊ ቡድን፣ በግሪክ ፓኒዮኒዮስን፣ በባኩም ኔፍትቺን አሠልጥኗል። በአሠልጣኝነቱ የተጫዋችነቱን ያህል ስም አላገኘም፤ ይህን እንደ ውድቀት የሚቆጥሩበት አሉ። እኔ ግን አልስማማም። ኳስ ማቀበልን ማስተማር ይቻላል፤ በአሪካ ያደረገውን ግን የትኛው አሠልጣኝ ከሜዳ ዳር ሆኖ ሊያዝዝ ይችላል? ኔቶ በ1999 ሞተ።

ዛሬ በትልልቁ ውድድር ዳኛ በቪዲዮ ይረዳል። በእኛ ሜዳ ያለው ቪዲዮ ግን የአስተማሪያችን ሁለት ዓይን ብቻ ነው። ባለፈው ዓመት በክፍሎች ግጥሚያ ኳሱ እጄን ነክቶ ገባ። አስተማሪያችን «ነክቶሃል?» ሲሉኝ ዝም አልሁ፤ አሸነፍን፤ በትከሻ ተሸክመውም አዞሩኝ።

ዘንድሮ የዚያኛው ክፍል በረኛ ከእኔ ዴስክ ተመደበ። የኔቶን ታሪክ ካነበብሁ በኋላ ነገሩን አወጣሁለት። ደብተሩን ሳይዘጋ «አይቼሃለሁ እኮ፤ እስክትነግረኝ ነበር የምጠብቀው» አለኝ።