የአየር ሞገድና የአድማጭ ድምፅ

የአየር ሞገድ የሕዝብ ሀብት ነው፤ ነጋዴም የሚሠራበት በመንግሥት ፈቃድ ነውና ትርፉን ብቻ ሊመለከት አይገባውም።

በኒው ዮርክ ከተማ ደብልዩ ኤን ሲ ኤን የተባለው የንግድ ራዲዮ ጣቢያ፣ እንደ ፈረንጅ አቆጣጠር በ1974 ክላሲካል ሙዚቃውን ትቶ ወደ ሮክ ዘፈን በተለወጠ ጊዜ፣ አድማጮቹ ማኅበር አቁመው ተሟገቱ፤ በ1975ም የቀድሞው ሙዚቃ ተመለሰላቸው። ነገር ግን የመገናኛው ኮሚሽን የሙዚቃውን ዓይነት ገበያ ይወስነው ያለውን አሳብ፣ የአሜሪካ ጠቅላይ ፍርድ ቤት በ1981 በ7 ዳኞች ድምፅ በ2 ላይ አጸናው። ስለዚህ ጣቢያው በ1993 ዳግመኛ ወደ ሮክ ሲዞር ኮሚሽኑ የሚከለክልበት ሕግ አልነበረም።

በእርግጥ ሹም የጣዕም ዳኛ አይደለምና ለሕዝብ ዘፈን ሊመርጥለት አይገባም። ዳሩ ግን ገበያ የሚያዳምጠው ማስታወቂያ የሚያመጣለትን ነው፤ ጥቂቱ አድማጭም ከብዙው ጋራ የሞገዱ ባለቤት መሆኑ አይካድም።

ስለዚህ ፈቃድ ሰጪ መሥሪያ ቤት ሁሉ፣ ጣቢያው ከመለወጡ አስቀድሞ ለአድማጮቹ እንዲያስታውቅ ማዘዝ፣ አቤቱታቸውንም መቀበል ይገባዋል። ሳይሰሙ መፍረድ ለዳኛ እንደ ተከለከለ፣ ሳይሰሙ መፍቀድም ለሹም ነውር ነው።