ምጽዋቱ ይቅርብን፤ ውሉን አሳዩን

ስለ «ዓለም አቀፍ የጤና ፍትሕ» በሚወራበት አዳራሽ ሁሉ ተማሪ የሚቀመጠው ከኋላ ነው። ወንበር ያስተካክላል፣ ወረቀት ያድላል፣ በመጨረሻም «ወጣቱስ ምን ይላል?» ተብሎ ሁለት ደቂቃ ይሰጠዋል። እርሱም ተራው ሲደርስ ሲሰማ የዋለውን መልሶ ይናገራል፦ ለጋሽ አገሮች እጃቸውን ይዘርጉ፣ ኩባንያዎች ይራሩልን። እኔም የሕክምና ተማሪ ነኝ፤ ይህንን ልመና በሰማሁ ቁጥር አፍራለሁ። መድኃኒት በማን ገንዘብ ተመራምሮ፣ በምን ውል፣ ወደ ማን እጅ እንደገባ ሳይጠይቅ የሚለምን ተማሪ ምኑን ተማረ?

ነገርን ከሥሩ እንዲሉ፣ ከአንድ መድኃኒት ልጀምር። ስታቩዲን የተባለው ቅመም መጀመሪያ የተሠራው በ1960ዎቹ (እ.ኤ.አ.) በካንሰር ምርምር ላይ በነበሩት በጄሮም ሆርዊትዝ ነው። የኤች አይ ቪ ቫይረስን እንደሚገታ የደረሱበት ደግሞ በአሜሪካ የየል ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች ዊልያም ፕሩሶፍና ታይ-ሹን ሊን ናቸው። ዩኒቨርሲቲው የባለቤትነት መብቱን በእጁ አድርጎ፣ ብሪስቶል ማየርስ ስኩዊብ ለተባለው ኩባንያ ብቻ እንዲሠራበት ፈቀደ። ገንዘቡም በየዓመቱ ወደ ካዝናው ይገባ ጀመር።

እ.ኤ.አ. በ2001 መጀመሪያ የድንበር የለሽ ሐኪሞች ቡድን ርካሹን ቅጂ ወደ ደቡብ አፍሪካ ለማስገባት የየልን ፈቃድ ጠየቀ። የዩኒቨርሲቲው የመጀመሪያ መልስ «መብቱን ለኩባንያው ስለሰጠን ጥያቄው እርሱን ይመለከታል» የሚል ነበር። የጲላጦስ እጅ መታጠብ ማለት ይኸው ነው! ያን ጊዜ የሕግ ተማሪዎች፣ ኤሚ ካፕቺንስኪን የመሳሰሉ፣ ተነሡ። ለልመና ሳይሆን ለሙግት ተነሡ፦ ይህ ዕውቀት የተወለደው በእኛ ግቢ ነው፣ ውሉን የፈረመውም ግቢው ነው፣ ስለዚህ ኃላፊነቱም የግቢው ነው አሉ። አረጋዊው ፕሩሶፍም ከተማሪዎቹ ጎን ቆሙ። በመጋቢት ወር ኩባንያው በደቡብ አፍሪካ የባለቤትነት መብቱን እንደማያስከብር አስታወቀ። ነገሩ ሁሉ ያለቀው በሳምንታት ውስጥ ነው። በሚያዝያ ደግሞ የደቡብ አፍሪካን መንግሥት በመድኃኒት ሕጉ የከሰሱት 39 ኩባንያዎች ክሳቸውን አነሡ።

«የባለቤትነት መብት ከተነካ ምርምር ይሞታል» ይሉን የነበሩ ሊቃውንት ዛሬ የት ናቸው? ከእነርሱ የባሱም ነበሩ። በዚያው ዓመት የአሜሪካ ተራድኦ ድርጅት ኃላፊ የነበሩት አንድሩ ናትሲዮስ፣ አፍሪካውያን በሰዓት የመጠቀም ልማድ ስለሌላቸው መድኃኒቱን በወቅቱ ሊወስዱ አይችሉም ሲሉ ተሟገቱ። (ቀኑን ከንጋት ጀምሮ አንድ፣ ሁለት እያለ የሚቆጥር ሕዝብ ይህንን ሲሰማ ይሳቅ ወይስ ያልቅስ?) እ.ኤ.አ. በ2006 በአሜሪካ የሕክምና ማኅበር መጽሔት የታተመ ጥናት መልሱን ሰጠ፦ መድኃኒቱን በአግባቡ የሚወስዱት ከሰሐራ በታች ባሉ አገሮች 77 ከመቶ፣ በሰሜን አሜሪካ 55 ከመቶ ሆነው ተገኙ። ይቅርታ የጠየቀን ግን አልሰማሁም።

ይህ ታሪክ ወደ ቤታችንም ገብቷል። በአገራችን በክፍያ ይሰጥ የነበረው የፀረ ኤች አይ ቪ ሕክምና በጥር 1997 ዓ.ም. ነፃ ሲሆን፣ በመጀመሪያው መስመር ከተሰለፉት መድኃኒቶች አንዱ ይኸው ስታቩዲን ነበር። በኋላ በነርቭና በሰውነት ስብ ላይ በሚያደርሰው ጉዳት ምክንያት የዓለም ጤና ድርጅት እ.ኤ.አ. በ2009 ቀስ በቀስ እንዲቀር መክሯል፤ መቅረቱም ተገቢ ነበር። እስከዚያው ግን በሕይወት ያቆያቸው ብዙዎች ናቸው።

ዛሬስ? በዓመት ሁለት ጊዜ ብቻ የሚወጋ፣ ከኤች አይ ቪ የሚከላከል ሌናካፓቪር የሚባል መድኃኒት ወጥቷል። እ.ኤ.አ. በ2025 በአሜሪካ ሲፈቀድ የዓመት ዋጋው ከ28,000 ዶላር በላይ ነበር። በዚያው ዓመት ደግሞ ቅጂው ከ2027 ጀምሮ ለ120 አገሮች በዓመት በ40 ዶላር ገደማ እንደሚቀርብ ተነገረ። ኢትዮጵያ ከ120ዎቹ አንዷ ናት። እሰየው! ነገር ግን መድኃኒቱ በዜጎቻቸው ላይ የተፈተነባቸው ብራዚል፣ አርጀንቲና፣ ሜክሲኮና ፔሩ ከዝርዝሩ የሉም። ሰውነታቸውን ለፈተና ሰጡ፤ ለእነርሱ መድኃኒቱ ላም አለኝ በሰማይ ሆነ። እኛ ገብተናልና ዝም እንበል? ዝርዝሩን የሚጽፈው ኩባንያው ራሱ እስከሆነ ድረስ፣ በሚቀጥለው መድኃኒት የምንሰረዘው እኛ ላለመሆናችን ማን ዋስ ይሆነናል?

ስለዚህ ጥያቄዬ ወደ ጄኔቭም ወደ ዋሽንግተንም ከመሄዱ በፊት ወደ ራሳችን ዩኒቨርሲቲዎች ይሂድ። በየዓመቱ ከውጭ ተቋማት ጋር የምርምር ስምምነት ይፈረማል፣ ፎቶግራፍ ይነሣል፣ እጅ ለእጅ ይጨባበጡበታል። ከሕሙማኖቻችን የተቀዳው ደምና የተሰበሰበው መረጃ የማን ንብረት ይሆናል? ከዚያ መድኃኒት ወይም ክትባት ቢወጣ ለዚህ አገር በምን ዋጋ ይቀርባል? ይህ በውሉ ውስጥ ተጽፏል ወይስ አልተጻፈም? ውሎቹ በቤተ መጻሕፍት ተቀምጠው ማንኛውም ተማሪ ሊያነባቸው ይገባል። በየተማሪዎች ማኅበሩ ያላችሁ ጓደኞቼ ሆይ፣ በሚቀጥለው ጉባኤ ሁለቱ ደቂቃ ሲሰጣችሁ ይህንኑ ጠይቁ፤ መልሱንም በጽሑፍ ተቀበሉ።